የአባት ቮልስ፦ ወደ ጥንተ መልኩ ይመለስ ወይስ ይሻሻል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ፣ ጉለሌ)፦ አባታችን በ1959 ዓ.ም. የገዙትን ቮልስዋገን ትተውልን ካረፉ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። መኪናው ግቢያችን ውስጥ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆሟል፤ በየሳምንቱ አስነሣዋለሁ፣ እስከ አስፋልቱ ነድቼም እመልሰዋለሁ። ሦስታችንም ልጆቻቸው ልንሸጠው አንፈልግም። የተለያየነው እንዴት ይሠራ በሚለው ላይ ነው። ሜሪላንድ የሚኖሩት ታላቅ ወንድማችን፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው፣ ቀለሙም ሞተሩም ወንበሩም ከፋብሪካ በወጣበት ቀን እንደነበረው ሆኖ መመለስ አለበት ይላሉ። ታናሻችን ደግሞ መኪናው ዝቅ ተደርጎ፣ ሰፊ ቸርኬ፣ ዲስክ ፍሬንና ጠንካራ ሞተር ተገጥሞለት በየቀኑ እንዲነዳ ይፈልጋል። እኔ መካከል ላይ ቀርቻለሁ። አባታችን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሞተሩን በ1600 ሲሲ አስቀይረውታል፣ መብራቱም ያኔ ከ6 ቮልት ወደ 12 ቮልት ተዛውሯል፤ ቀለም ደግሞ ሁለት ጊዜ ተቀብቷል። የትኛውን ወንድሜን ልስማ?

መልስ፦ ወንድሞችዎ የሚከራከሩት ገና ሰው እጅ ያልነካው መኪና ግቢው ውስጥ የቆመ ያህል ነው፤ የደብዳቤዎ የመጨረሻ መስመሮች ግን ሌላ ነገር ይናገራሉ። መኪናውን መጀመሪያ ያሻሻሉት አባታችሁ ናቸው። ስለዚህ ከእናንተ የሚጠበቀው፣ የ1959ኙን መኪና፣ አባታችሁ ሠላሳ ዓመት ያህል የነዱትን መኪና ወይስ ታናሻችሁ በሐሳቡ የሠራውን መኪና እንደምትፈልጉ መወሰን ነው። ሦስቱ ሦስት የተለያዩ መኪኖች ናቸው፤ የሚጠይቁት ገንዘብና ትዕግሥትም ለየቅል ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ የተጻፈ ዓለም አቀፍ ሰነድ አለ። ፊቫ በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2012 ያጸደቀው የቱሪን ቻርተር፣ ያለውን ጠብቆ ማቆየትንና የጠፋውን መልሶ መሥራትን ለይቶ ያስቀምጣል፤ ከሁለቱም ቅድሚያ የሚሰጠው ጠብቆ ለማቆየት ነው። ብዙዎች የማያስተውሉት ቁም ነገር ደግሞ፣ መኪናው በአገልግሎት ዘመኑ የተደረጉለትን ለውጦች ቻርተሩ የታሪኩ ምስክሮች አድርጎ መቀበሉ ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ አባታችሁ ያስገቡት የ1600 ሞተር እንደ ጥፋት ተቆጥሮ የሚታረም አይደለም፤ መኪናው ከቤተሰባችሁ ጋር ያሳለፈው ዕድሜ አካል ነው።

ይህን የምለው ዋጋ ከፍዬ ስለተማርኩት ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ ፊያት 600፣ እኛ ሴይቼንቶ የምንለውን፣ ገዝቼ ወደ ፋብሪካ ቀለሙ ልመልሰው ቆርጬ ተነሣሁ። ላሜራው እስኪታይ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት አስፋቅሁት። ፍቆ ሲጨርስ ሠራተኛው ከላይኛው ቀለም ሥር የነበረውን ሰማያዊና ነጭ የታክሲ ቀለም፣ በሩ ላይም በእጅ የተጻፈ ቁጥር ማየቱን እንደ ዋዛ ነገረኝ። መኪናው አዲስ አበባን ሲያገለግል የኖረበትን ማስረጃ ገንዘብ ከፍዬ አስጠፋሁት፤ በምትኩ ያገኘሁት በሺህ የሚቆጠሩ ሌሎች መኪኖች የነበራቸውን ንጹሕ ቀለም ነው።

እንግዲህ ከመወሰናችሁ በፊት መኪናውን መርምሩት። የኋላውን ወንበር አንሡት። መካከል ላይ ከፍ ብሎ በሚያልፈው የሻንሲው አካል ላይ የተመታ ቁጥር ታገኛላችሁ፤ ቁጥሩ ዘጠኝ አኃዝ ያለውና በ117 የሚጀምር ከሆነ መኪናው እ.ኤ.አ. የ1967 ሞዴል ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ሦስተኛው አኃዝ የሞዴሉን ዓመት ያመለክታልና። የሞዴሉ ዓመት የሚቆጠረው ከፈረንጆቹ ነሐሴ ጀምሮ ስለሆነ 1967 ተብሎ የሚጠራው መኪና እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1966 ጀምሮ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ አባታችሁ ከገዙበት ዓመት ጋርም ይስማማል። ቁጥሩን ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ከዚያ ለጋሼ አንድ ሥራ ይሰጣቸው፦ ቮልፍስቡርግ የሚገኘው የቮልስዋገን የመኪና ሙዚየም ድርጅት በሻንሲ ቁጥር መነሻነት መኪናው መቼ እንደተሠራ፣ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረውና ወደ የት አገር እንደተላከ የሚገልጽ ሰርተፍኬት ይሰጣል። «እንደ ፋብሪካው» የሚለው ክርክር መጀመር ያለበት ይህ ወረቀት ከደረሰ በኋላ ነው፤ ሁለት ጊዜ ከተቀባ መኪና ላይ የመጀመሪያውን ቀለም በትዝታ መገመት ብዙ ቤተሰብ አሳስቷልና።

ወንበሩን እንዳነሣችሁ፣ በስተቀኝ በኩል ባትሪው ያለበትን ቦታም እዩ። የቮልስ የመጀመሪያ ቁስል እዚያ ነው። ከባትሪው የሚንጠባጠበው አሲድ የወለሉን ላሜራ ይበላዋል፤ ከላይ ሲታይ ደህና የሚመስለው ወለል በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ሲነካ ይበሳል። የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ጫፎች ነክቶ እሳት እንዳያስነሣ ከላይ መሸፈኛ መኖሩንም አረጋግጡ፤ ከኋላ ከባድ ሰው በተቀመጠበት አንድ ጉዞ ብቻ የተቃጠሉ ቮልሶች አሉ። ቀጥሎ በሮቹ ሥር ያሉትን፣ ሙቅ አየር ከሞተሩ ወደ ፊት የሚያልፍባቸውን ሣጥኖች ከውጭም ከውስጥም ነካኩ። የመኪናው አካልና ወለል የሚያያዙት በእነርሱ ነውና ከዛጉ ቀለም መቀባት ቁስል ላይ ሻሽ እንደማሰር ነው። በመጨረሻም ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ፓራፋንጎዎቹንና በሮቹን ዳብሱ፤ ማግኔቱ በማይያዝበት ቦታ ሁሉ ከሥር ያለው ስቱኮ ነው።

ገንዘቡ በመጀመሪያ መዋል ያለበት እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ወንድሞችዎ በዚህ ሊስማሙ ይገባል፤ የዛገ ወለል ለጥንታዊውም ለተሻሻለውም አይሆንም። ቸኩሎ ቀለም ቀቢ ዘንድ መሄድ በአገራችን በብዛት የማየው ስሕተት ነው። መኪናው ስድስት ወር ያህል ያበራል፤ ክረምቱ ሲገባ ዝገቱ ከውስጥ ገፍቶ ይወጣል።

አሁን ወደ ታናሻችሁ ልመለስ፤ ከሚጠይቀው ውስጥ ከፊሉ ትክክል ነውና። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ከአንድ አምስተኛ በላይ ያጣል። መኪናው ሲገዛ 1300 ከነበረ ፋብሪካው የሰጠው 40 የፈረስ ጉልበት ጉለሌ ሲደርስ ወደ 31 ይወርዳል ማለት ነው። የ1600 ሞተር 50 ቢኖረው እዚህ 39 ገደማ ይቀርለታል። አባታችሁ ሞተሩን ሲያስቀይሩ በተግባር ያደረጉት ነገር መኪናው በባሕር ዳርቻ ከተማ ይሰጥ የነበረውን ጉልበት ለእንጦጦ ዳገት መመለስ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ይቆይ። ነገር ግን ከዚያ በላይ ለሚያስነሣ ሞተር ገንዘብ ማውጣቱን አልደግፍም። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ጉልበቱን የቀነሰው ስስ አየር ማቀዝቀዣውንም ያደክመዋልና ትልቅ ሞተር እዚህ ቶሎ ይግላል። ካርቡሬተሩ የሚያስተላልፈው ቤንዚን ለከፍታው እንዲስማማ መመጠኑን፣ ሞተሩን የከበቡት ላሜራዎችና ዙሪያውን የሚዘጋው ጎሚኒ ሳይጎድሉ መኖራቸውን አረጋግጡ። አንዳንድ መካኒኮች ሞተሩ እንዳይግል ብለው የኋላውን ክዳን በብረት ደግፈው ከፍተው ይተዉታል፤ ብዙ ጊዜ የችግሩ ምክንያት ግን ጎሚኒው ወልቆ ከሥር የሚወጣው ሙቅ አየር ተመልሶ መሳቡ ነው። ቤንዚን የሚያስተላልፉትን ጎማዎች ደግሞ ዕድሜያቸውን ሳትጠይቁ ዛሬውኑ ቀይሩ።

በፍሬኑ ላይም ከታናሻችሁ ጋር ነኝ፤ ዲስኩ ላይ ግን አይደለም። የእናንተ መኪና ፍሬን በአንድ መስመር የሚሠራ ሳይሆን አይቀርም፤ አንዱ ቱቦ ቢፈስ አራቱም ጎማዎች ፍሬን ያጣሉ። ፋብሪካው ራሱ ለቀጣዩ እ.ኤ.አ. የ1968 ሞዴል ፊትና ኋላን ለየብቻ የሚያዝ ባለሁለት መስመር ማስተር አስገብቷል። እርሱን አስገቡ፤ ታምቡሮቹንም በሚገባ አሳጥቡ፣ ሸራቸውንም ቀይሩ። ሥራው ማንም ሳያየው የሚቀር፣ በተፈለገ ጊዜም ሊመለስ የሚችል ነው። ለፊተኞቹ ተቀማጮች ቀበቶ ማስገባትን በተመለከተም ጋሼ ቢቆጡ እንኳ አትስሟቸው።

ዝቅ ማድረጉን ግን በግልጽ እቃወማለሁ። በዚያ ዘመን የቮልስ የኋላ ጎማዎች የሚንቀሳቀሱት ከካምቢዮው ግራና ቀኝ እንደ ክንፍ በሚወዛወዙ አክሰሎች ላይ ነው። መኪናው ዝቅ ሲል ጎማዎቹ ከላይ ወደ ውስጥ ይጋደላሉ፣ ውስጠኛው ጠርዛቸውም ብቻውን ያልቃል፤ ሰፊ ቸርኬ ሲጨመርበት ደግሞ ፓራፋንጎውን እየፈገፈገ ላሜራው ካልተቆረጠ አይበቃውም። የጉለሌን መንገድና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች ለሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ለእኔ መለያው እንግዲህ ብሎንና መጋዝ ነው። በብሎን የገባ በብሎን ይወጣል፤ በመጋዝና በብየዳ የተደረገውን ግን ማንም አይመልሰውም። ታናሻችሁ ቸርኬ መቀየር ቢወድ የፋብሪካዎቹን አራት ቸርኬዎች አጽድቶና በዘይት አብሶ ዕቃ ቤት ያስቀምጥ። ሬዲዮ ቢፈልግም ዳሽቦርዱን ሳይቆርጥ ከሥሩ ያስገባ። ከመኪናው የሚወልቅ ማንኛውም ዕቃ፣ ዋጋ የሌለው የሚመስለው የ6 ቮልት የመጥረጊያ ሞተር እንኳ፣ ስሙ ተጽፎበት ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ ጋራዥ ውስጥ «ይኼማ አሮጌ ነው» ተብሎ የቀረ ዕቃ በሳምንቱ ሶማሌ ተራ ይገኛልና።

እዚህ ላይ እኔም አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ። የመጀመሪያው ሞተር የት ነው? አባታችሁ የዚያ ዘመን ሰው ከነበሩ የወለቀ ሞተር ዝም ብለው ይጥላሉ ብዬ አልገምትም። ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ከአሮጌ ፍራሽ ጀርባም ቢሆን ፈልጉት። ከተገኘ የጋሼ ምኞት በሩ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ዛሬ ባይገጠምም ሌላ ጊዜ ሊገጠም ይችላል። የሻንሲና የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ የሚሰፍር ስለሆነ ሞተር ከመቀየራችሁ ወይም ቀለም ከመለወጣችሁ በፊት መኪናው የተመዘገበበትን መሥሪያ ቤት አነጋግሩ፤ በ1980ዎቹ የተደረገው ቅያሪ ሊብሬው ላይ መስፈሩንም አሁኑኑ አጣሩ፣ ለቦሎ ስትሄዱ የሚነሣው ጥያቄ ይኸው ነውና።

ጋሼ መለዋወጫ በመላክ ሊረዷችሁ ይችላሉ። ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተው፣ ሜክሲኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. እስከ 2003 መሠራቱ ያልተቋረጠው ቮልስ ዛሬም መለዋወጫው በአዲስ የሚመረትለት መኪና ነው። ጎሚኒዎች፣ የፍሬን ዕቃዎችና የካርቡሬተር ማደሻዎች ሻንጣ ውስጥ ይገባሉ። የወለል ላሜራው ግን አይገባም፤ በአዲስ ከሚሠሩት ውስጥም ከጥንቱ የሳሱ ስላሉ ጥሩ ባትላሜራ ካላችሁ የተበላውን ብቻ ቆርጦ እዚሁ በወፍራም ላሜራ ቢሠራው እመርጣለሁ።

የእኔ ምርጫ አባታችሁ የነዱት መኪና ነው፦ የ1600 ሞተሩና 12 ቮልቱ እንዳሉ፣ ወለሉ ተበይዶ፣ ፍሬኑ ተሻሽሎ፣ ላሜራው ሳይቆረጥ። ቀለሙን በተመለከተ አሁን ያለው ካልተሰነጠቀ ባትነኩት እመርጣለሁ። ቢያንስ አንድ ቦታ፣ ለምሳሌ የፊተኛው ክዳን ውስጠኛ ገጽ፣ ሳይፋቅ እንዲቀር ቀለም ቀቢውን አስምሉት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ነበር፤ ያ መኪና ዛሬ በእጁ ያለ ሰው ቢኖር ምን ዓይነት ሞተር እንዳለው ከመጠየቃችን በፊት የኋላ ወንበሩን ጨርቅ ቀይረኸዋል ወይ ብለን የምንጠይቀው ይመስለኛል።

ጥያቄ (ከጀርመን፣ ፍራንክፈርት)፦ እ.ኤ.አ. የ1983 መርሴዲስ፣ ደብልዩ 123፣ ገዝቻለሁ። ለጥንታዊ መኪኖች የሚሰጠውን ባለ ኤች ሰሌዳ ማውጣት እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን የቀድሞው ባለቤት የአሉሚኒየም ቸርኬ አስገብቶበታል። መልሼ መቀየር አለብኝ?

መልስ፦ የግድ አይደለም። ሰሌዳው የሚሰጠው የመጀመሪያ ምዝገባው ከተፈጸመ 30 ዓመት ለሞላው፣ በአብዛኛው በጥንተ መልኩ ለሚገኝና በጥሩ ሁኔታ ለተያዘ መኪና ነው። ለውጦችን የሚያየው ባለሙያ የሚጠይቀው ለውጡ በዘመኑ የተለመደ ነበር ወይ የሚለውን ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዐሥር ዓመታት ሊደረግ ይችል የነበረ ለውጥ በአብዛኛው ተቀባይነት ያገኛል። ቸርኬው መርሴዲስ ራሱ በዚያ ዘመን ለዚሁ ሞዴል ያቀርብ የነበረው ከሆነ በልበ ሙሉነት ይቅረቡ፤ የ1980ዎቹን ካታሎግ ቅጂ ይዘው ቢሄዱ ደግሞ ክርክሩ ያጥራል። ቸርኬው የቅርብ ጊዜ ሥራ ከሆነና ዲያሜትሩ ከጥንቱ በጣም ከበለጠ ግን ከምርመራው በፊት ያውልቁት። ይህ ሞዴል እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1986 ሲሸጥ ቆይቶ 2.7 ሚሊዮን ገደማ የተመረተ ስለሆነ የፋብሪካውን ቸርኬ በርካሽ ማግኘት አያስቸግርዎትም። ሰሌዳው ከወጣ በኋላ ዓመታዊው የመኪና ግብር ወደ 191 ዩሮ ሲሆን፣ የሞተሩ መጠን ከግምት አይገባም፤ ናፍጣ ከሆነ የሚያገኙት ጥቅም እጅግ ከፍ ያለ ነው፣ የከተሞቹ የአየር ብክለት ክልከላም አይመለከትዎትም።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ የቤንዚን መኪና ወደ አገር ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የ1970 ቮልሴን ወደ ኤሌክትሪክ ለመለወጥ አስቤያለሁ። መኪናውን ማበላሸት ይሆናል?

መልስ፦ ክልከላው የሚመለከተው አዲስ የሚገቡትን እንጂ ተመዝግበው በመንገድ ላይ ያሉትን ስላልሆነ በፍርሃት እንዳይወስኑ። ሐሳቡ ግን የሚናቅ አይደለም፤ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ የከፍታው ነገር አያሳስበውም። ቮልስዋገን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 ከአንድ የጀርመን ድርጅት ጋር የለወጠውን ቮልስ አሳይቷል፤ 82 የፈረስ ጉልበትና 36.8 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ነበረው፣ በአንድ ሙሌት 200 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚሄድም ተነግሮለታል። ክብደቱ ግን 1,280 ኪሎ ግራም ደርሷል፤ የእርስዎ መኪና 800 ገደማ ነው። የተጨመረውን ወደ አምስት ኩንታል የሚጠጋ ክብደት የጥንቱ ፍሬንና አክሰል ሊሸከሙት አልተሠሩምና ሁለቱም አብረው መለወጥ አለባቸው። ዋጋውን ሲያሰሉ ይህን ካልጨመሩ ሥራው መሃል ላይ ይቆማል።

ስለ ማበላሸቱ፣ ፊቫ በኤሌክትሪክ የተለወጠን መኪና ታሪካዊ ብሎ አይቀበልም፤ ለመለወጥ የወሰነ ሰው ግን ሥራው ሊመለስ የሚችል እንዲሆንና የጥንቶቹ ዕቃዎች እንዲቀመጡ ይመክራል። እኔም የምጨምረው ጥቂት ነው። አዲሱ ሞተር ካምቢዮውን ሳይቆርጥ በቀድሞዎቹ ብሎኖች የሚታሰር ይሁን፤ ባትሪው የሚቀመጥበት ሣጥንም ሻንሲው ላይ አይበየድ። የወጣውን ሞተር ካንዴላዎቹን አውልቀው በየሲሊንደሩ ውስጥ ጥቂት ዘይት ያፍስሱ፣ ሞተሩን በእጅ ጥቂት ዙር አዙረው ካንዴላዎቹን መልሰው ይግጠሙ፣ ከመሬት ከፍ አድርገው በሸራ ይሸፍኑት፤ የሞተሩን ቁጥር በፎቶግራፍ አንሥተው ከሊብሬው ቅጂ ጋር ያኑሩት።